ሴሊኒየም ሰልፋይድ ያለበት የፎረፎር ሻምፖ፦ የሚጠቅመው እስከ ምን ድረስ ነው? የሚጎዳውስ መቼ ነው?

የጠያቂው ደብዳቤ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «2.5 በመቶ ሴሊኒየም ሰልፋይድ ያለበትን የፎረፎር ሻምፖ ለአምስት ወራት ያህል በየቀኑ ስጠቀም ቆይቻለሁ። መድኃኒቱ ጠልቆ እንዲገባ በማሰብ ጸጉሬን በፌስታል ሸፍኜ ግማሽ ሰዓት አቆየዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ፎረፎሩ ጠፍቶልኝ ነበር። አሁን ግን የራስ ቆዳዬ ይቆጠቁጠኛል፣ ከማከኬ የተነሳ የቆሳሰሉ ቦታዎች አሉ፣ ጸጉሬ ይረግፋል፣ ሽበቴም ወደ ብርቱካናማ ቀለም ተቀይሯል። በዚህ ላይ ኬሚካሉ ካንሰር እንደሚያመጣ አነበብኩ፤ ሌላ ሰው ደግሞ ሴሊኒየም ለሰውነት የሚያስፈልግ ማዕድን ስለሆነ ምንም አይጎዳም አለኝ። የስድስት ዓመት ልጄም ራሱ ላይ ቅርፊት ያለው ክብ መላጣ ስለወጣበት በዚሁ ሻምፖ እያጠብኩት ነው። ልቀጥል ወይስ ልተው?»

ዛሬውኑ ያቁሙ፤ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እስኪድን ድረስም ወደዚህ ሻምፖ አይመለሱ። ይህን የምለው ስለ ካንሰር ባነበቡት ምክንያት አይደለም። እርስዎን እየጎዳዎት ያለው መድኃኒቱ ቆዳዎ ላይ የሚቆይበት ጊዜ፣ የመታጠቡ ድግግሞሽ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በቆሰለ ቆዳ ላይ መዋሉ ነው። ሴሊኒየም ሰልፋይድ ጤናማ ቆዳ ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆይቶ ሲታጠብ የብዙ ዓሥርት ዓመታት ልምድ ያለው ጠቃሚ መድኃኒት ነው። በተላጠ ቆዳ ላይ፣ በፌስታል ታፍኖ፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ሲቆይ ያለው ደኅንነት ግን ማንም ዋስትና ሊሰጥበት የሚችል ነገር አይደለም።

«ማዕድን ስለሆነ አይጎዳም» ያለዎት ሰው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጎ ነው የተናገረው። ሴሊኒየም፣ እ.ኤ.አ. በ1817 በስዊድናዊው ኬሚስት ቤርዜሊየስ የተገኘው ንጥረ ነገር፣ በእርግጥ ለሰውነት ያስፈልጋል፤ የሚያስፈልገው ግን ለአንድ አዋቂ በቀን 55 ማይክሮግራም ያህል ብቻ ሲሆን ከ400 ማይክሮግራም በላይ በየቀኑ መውሰድ አይመከርም። መጠኑ ለረጅም ጊዜ ሲበዛ ጸጉርን ያረግፋል፣ ጥፍርን ይሰባብራል፣ ትንፋሽንም ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት እንዲሸት ያደርጋል። በሻምፖው ውስጥ ያለው ሴሊኒየም ሰልፋይድ ደግሞ ሴሊኒየም ከድኝ ጋር ተዋሕዶ የተሠራ፣ በውኃ የማይሟሟ ብርቱካናማ ዱቄት ነው እንጂ የምግብ ማዕድን አይደለም። መጠኑን ማስላት ይረዳል፦ አንድ ጊዜ ለመታጠብ 10 ሚሊሊትር ቢቀዱ፣ በ2.5 በመቶው ሻምፖ ውስጥ 250 ሚሊግራም ሴሊኒየም ሰልፋይድ አለ፤ ከዚህ ውስጥ 138 ሚሊግራም ያህሉ ራሱ ሴሊኒየም ነው። ይህ ሰውነት በቀን ከሚያስፈልገው 2,500 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ይህን ያህል መጠን ራስ ላይ አፍስሰን የማንመረዘው ዱቄቱ ስለማይሟሟና ደኅና ቆዳ ስለማያሳልፈው ብቻ ነው። እንግዲህ ከመመረዝ የሚጠብቅዎት የቆዳዎ አለመቁሰል ነው፤ እርስዎ ደግሞ ቆዳዎ ቆስሏል እያሉኝ ነው።

የመድኃኒቱ አሠራር ሲታወቅ አጠቃቀሙም ግልጽ ይሆናል። በሁላችንም የራስ ቆዳ ላይ ማላሴዢያ የሚባል እርሾ መሰል ፈንገስ ይኖራል። ይህ ፈንገስ የቆዳን ወዝ እየሰባበረ ሲመገብ ኦሌይክ አሲድን የመሰሉ የቅባት አሲዶችን ይተዋል፤ ለእነዚህ አሲዶች ቆዳቸው በሚቆጣ ሰዎች ላይ የቆዳ ሕዋሳት ከልክ በላይ በፍጥነት ይባዛሉ፣ ሳይበስሉም ተጣብቀው እንደ ቅርፊት ይረግፋሉ። ፎረፎር የምንለው ይኸው ነው። ከቆሻሻነት ጋር የሚያያዝ ነገር የለውም፤ አዘውትሮ በመፈተግም አይጠፋም። ሴሊኒየም ሰልፋይድ በአንድ በኩል ፈንገሱን ይቀንሳል፣ በሌላ በኩል የቆዳ ሕዋሳትን የመባዛት ፍጥነት ይገታል። ሁለቱም ተግባራት የሚፈጸሙት በቆዳው የላይኛው ንጣፍ ላይ ስለሆነ ጠልቆ እንዲገባ ማድረግ ምንም ጥቅም የለውም። ጥልቀት የሚጨምረው ማቃጠልን ብቻ ነው።

የተለመደው መመሪያ የሚለው ይህን ነው፦ ከ5 እስከ 10 ሚሊሊትር በረጠበ ጸጉር ላይ አድርጎ የራስ ቆዳን በጣት ጫፍ ማሸት፣ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ማቆየት፣ ማጠብ፣ አንድ ጊዜ መድገም፣ ከዚያም አጥብቆ ማለቅለቅ። ይህም በሳምንት ሁለት ጊዜ ለሁለት ሳምንት ከተደረገ በኋላ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ወይም በሁለት፣ በሦስት እና በአራት ሳምንት አንድ ጊዜ ወደ ማድረግ ይወርዳል። በየቀኑ መጠቀም የሚባለው ነገር ከየት እንደመጣ እገምታለሁ። ይኸው 2.5 በመቶ መድኃኒት ለቋቁቻ ሲታዘዝ በገላ ላይ ለ10 ደቂቃ ተቀብቶ እየታጠበ ለ7 ቀናት በየቀኑ ይደረጋል። ያ ትእዛዝ የሌላ ሕመም፣ የሌላ የሰውነት ክፍልና የአንድ ሳምንት ብቻ ትእዛዝ ነው። ለቋቁቻ እንኳ ቢሆን ግማሽ ሰዓትም ሆነ ፌስታል የለበትም፤ ቆዳን በፕላስቲክ ማፈን ከላዩ ያለው ማንኛውም ኬሚካል የሚሰርግበትን መጠን ይጨምራል።

አሁን የሚቆጠቁጥዎትና የሚልጥዎት ነገር ፎረፎሩ ተመልሶ የመጣ ሊመስልዎት ይችላል። በሥራዬ ደጋግሜ ከማያቸው ስህተቶች ሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ሰውየው ራሱን ለማዳን ባደረገው ጥረት ልክ እየተጎዳ ይሄዳልና። በኬሚካል የተቆጣ ቆዳ ይቀላል፣ ያሳክካል፣ ይላጣል፤ የሚረግፈው ልጣጭም ከፎረፎር ጋር ይመሳሰላል። ሰውየው ሕመሙ የባሰበት መስሎት መድኃኒቱን ይጨምራል፣ ቆዳው የባሰ ይቆጣል፣ ልጣጩ ይበዛል። ሁለቱን ለመለየት ቀላሉ መንገድ ሻምፖውን አቁሞ መጠበቅ ነው። በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ መቆጥቆጡ ከቀነሰ ጥፋተኛው የአጠቃቀሙ ብዛት ነበር ማለት ነው።

ስለ ካንሰሩ ያነበቡት ነገር መነሻ የለውም ብዬ አላጣጥለውም። የአሜሪካ ብሔራዊ የመርዛማነት ጥናት ፕሮግራም ሴሊኒየም ሰልፋይድን በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ተብለው በምክንያት ከሚጠረጠሩ ኬሚካሎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ውሳኔው የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1980 ይፋ በሆነ ጥናት ላይ ነው፤ በጥናቱ ኬሚካሉ በቱቦ በቀጥታ ወደ ሆዳቸው ከገባላቸው እንስሳት መካከል አይጠ መጎጦች የጉበት፣ ሴት አይጦች ደግሞ የጉበትና የሳንባ ዕጢ አብቅለዋል። ለአይጠ መጎጦቹ የተሰጠው ከፍተኛ መጠን በአንድ ኪሎግራም ክብደት 15 ሚሊግራም ሲሆን በየቀኑ ለሁለት ዓመት ያህል፣ ማለትም የእንስሳውን ዕድሜ አብዛኛውን ክፍል፣ ተሰጥቷቸዋል። ይህን እንዳለ ወደ 60 ኪሎ ሰው ብናዞረው በቀን 900 ሚሊግራም ይሆናል፤ 1 በመቶ የሆነውን ሻምፖ በየቀኑ 90 ሚሊሊትር እንደመጠጣት ማለት ነው። ከእንስሳ ወደ ሰው የሚደረግ ስሌት እንዲህ ቀጥተኛ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ያቀረብኩትም የነገሩን ልክ ለማሳየት ያህል ነው።

ኬሚካሉ በአይጦች ቆዳ ላይ በተቀባባቸው ጥናቶች ግን ካንሰር አላመጣም። እነዚያ ጥናቶች ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ ስለተጠናቀቁ ሙሉ ማረጋገጫ ናቸው ማለት አይቻልም፤ በሰዎች ላይ የተደረገ በቂ ጥናትም የለም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ሴሊኒየምንና ውሑዶቹን በሰው ላይ ካንሰር ስለማምጣታቸው መፈረጅ በማይቻልበት ሦስተኛው ምድብ ውስጥ አስቀምጧቸዋል። ከዚህ ሁሉ የምደርስበት መደምደሚያ እንዲህ ነው፦ ጤናማ ቆዳ ላይ፣ በታዘዘው ደቂቃና ድግግሞሽ ታጥቦ የሚወርድ ሻምፖ በካንሰር ረገድ የሚያስፈራ ነገር አልታየበትም። ኬሚካሉ ወደ ሰውነት እንዲዘልቅ መንገድ መክፈት ግን ጥናቶቹ ጉዳት ወዳሳዩበት አቅጣጫ መሄድ ነውና መንገዱ መዘጋት አለበት።

በቆሰለ ቆዳ በኩል የሚደርሰው መመረዝ እንደ ካንሰሩ በግምት የሚወራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 በታተመ አንድ የሕክምና ዘገባ ላይ፣ የተላጠና የቆሰለ የራስ ቆዳ የነበራት አንዲት ሴት ሴሊኒየም ሰልፋይድ ባለበት ሻምፖ ለወራት በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ስትታጠብ ቆይታ እጅና እግሯ መንቀጥቀጥ፣ ሆዷን መቁረጥ፣ የምግብ ፍላጎቷ መጥፋት እና ትንፋሿ ነጭ ሽንኩርት መሽተት እንደጀመረ ተመዝግቧል፤ ሻምፖውን ካቆመች በኋላ ግን ድናለች። እንዲህ ያለው ክስተት እጅግ ጥቂት ነው። ቢሆንም እርስዎ ከእርሷ በበለጠ ድግግሞሽ፣ በበለጠ ቆይታና በበለጠ መታፈን ስለተጠቀሙ፣ ከጠቀስኳቸው ምልክቶች አንዱ ከታየብዎ፣ ወይም አፍዎ ውስጥ የብረት ጣዕም ከተሰማዎ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ ቀርበው የተጠቀሙበትን መድኃኒት ስም፣ የመቶኛ መጠኑን እና የአጠቃቀምዎን ሁኔታ በግልጽ ይንገሩ። በአውሮፓ ኅብረት ይህ ኬሚካል በፎረፎር ሻምፖዎች ውስጥ ከ1 በመቶ እንዳይበልጥ ሲደነገግ፣ ከዓይንና ከተጎዳ ቆዳ ጋር እንዳይነካካ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍም ዕቃው ላይ እንዲሰፍር የተደረገው በከንቱ አይደለም። በአሜሪካም ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጠው 1 በመቶው ሲሆን 2.5 በመቶው በማዘዣ ብቻ ይሰጣል።

ጸጉር መርገፉ ከመድኃኒቱ የታወቁ ጎጂ ውጤቶች አንዱ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም መድኃኒቱ ሲቆም ይመለሳል። በእርስዎ ላይ የቆዳው መቆጣትና ማከክም አስተዋጽኦ ሳያደርጉ አይቀሩም። የሽበቱ ቀለም መለወጥ ደግሞ ለጤና አያሰጋም፤ ብርቱካናማው ዱቄት በነጭ፣ በነጣ ወይም ቀለም በተቀባ ጸጉር ላይ ሲቀር የሚመጣ ሲሆን እንዲህ ያለ ጸጉር ያለው ሰው ቢያንስ ለ5 ደቂቃ በብዙ ውኃ ማለቅለቅ ይገባዋል። ጸጉር ቀለም ከመቀባት ወይም በኬሚካል ከማስተካከል በፊትና በኋላም ሁለት ቀን ያህል ከዚህ ሻምፖ መራቅ ይሻላል። ከመታጠብዎ በፊት የብር ቀለበትዎንና የጆሮ ጌጥዎን ያውልቁ፤ ድኙም ሴሊኒየሙም ብርን ያጠቁራሉ።

የልጅዎን ጉዳይ ለይቼ የማነሣው ከእርስዎ ይልቅ እርሱ ስለሚያሳስበኝ ነው። በስድስት ዓመት ልጅ ራስ ላይ የሚወጣ ቅርፊት ያለው ክብ መላጣ ፎረፎር አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ የራስ ጭርት ነው። ፎረፎር ጸጉርን በክብ አይመልጥም፤ በዚህ ዕድሜ ክልልም እምብዛም አይታይም። የጭርት ፈንገስ የጸጉሩ ዘንግና ሥር ውስጥ ስለሚገባ ከላይ የሚቀባም ሆነ የሚታጠብ መድኃኒት አይደርስበትም። የሚያድነው በሐኪም የሚታዘዝ፣ ለሳምንታት በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ነው፤ ግሪዚዮፉልቪን ወይም ተርቢናፊን ይታዘዛል። ሴሊኒየም ሰልፋይድ እዚህ ላይ ያለው ድርሻ አጋዥነት ብቻ ነው፤ ከልጁ ራስ ላይ የሚበተነውን የፈንገስ ዘር ስለሚቀንስ ወደ እኅትና ወንድሞቹ እንዳይተላለፍ ይረዳል። በሻምፖው ብቻ ስታጥቡት ከቆያችሁ ግን ቅርፊቱ ላይ ላዩን እየጸዳ ሕመሙ ከሥር እየሰፋ ሊሆን ይችላል። ሕክምናው ከዘገየና ቦታው አብጦ መግል ከያዘ ጸጉሩ እስከ መጨረሻው ላይበቅል ይችላል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ውስጥ ሐኪም ይየው፤ ማበጠሪያ፣ ኮፍያና ፎጣም ከሌሎች ልጆች ጋር አይጋራ።

ወደ እርስዎ ስመለስ፣ ቆዳዎ እስኪድን በለስላሳ፣ ሽታ በሌለው ሻምፖና ለብ ባለ ውኃ ብቻ ይታጠቡ፤ ጥፍርዎን ያሳጥሩ፤ ቁስሉ መግል ከያዘ ወይም ከሰፋ ይታከሙ። ከዳነ በኋላ ፎረፎሩ ከተመለሰ፣ መመለሱ አይቀርምና፣ የመጀመሪያ ምርጫዬ ለእርስዎ ኬቶኮናዞል የሚባል የፈንገስ መድኃኒት ያለበት ሻምፖ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ አንድ ጥናት 2 በመቶ ኬቶኮናዞልን ከ2.5 በመቶ ሴሊኒየም ሰልፋይድ ጋር አነጻጽሮ ሁለቱም ፎረፎርን እንደሚያስታግሱ፣ ቆዳ ግን ኬቶኮናዞልን የተሻለ እንደሚችለው አሳይቷል። ኬቶኮናዞል ጉበት ይጎዳል ሲባል ሰምተው ከሆነ ያ የሚመለከተው በአፍ የሚዋጠውን ኪኒን ነው፤ ከሻምፖው ወደ ደም የሚገባው መጠን ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ሌላው የተለመደ አማራጭ ዚንክ ፓይሪታዮን ነው፤ ብዙዎች የሚችሉት ቢሆንም የአውሮፓ ኅብረት በመራባት ጤና ላይ ካለው ስጋት የተነሳ ከመጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመዋቢያ ምርቶች ውስጥ እንዳይገባ ከልክሏል። ሳሊሲሊክ አሲድ የተጋገረ ቅርፊትን ያላቅቃል እንጂ ፈንገሱን እምብዛም አይነካም፤ ለተቆጣ ቆዳም አይሆንም።

ኬቶኮናዞል ካላገኙ ወይም ካልረዳዎት ብቻ ወደ ሴሊኒየም ሰልፋይድ መመለስ ይችላሉ፤ በዚያ ጊዜ 1 በመቶውን ይያዙ፣ በሳምንት ከሁለት ጊዜ አያሳልፉ፣ ከሦስት ደቂቃ በላይ አያቆዩት፣ ፌስታሉንም ይጣሉት። ከአንድ ወር በኋላ ለውጥ ካላዩ መጠኑን መጨመር ሳይሆን ምርመራውን መፈተሽ ነው የሚያስፈልገው። ከጸጉር መስመር አልፎ ወደ ግንባር የወረደ፣ ወፍራምና ብርማ ቅርፊት ያለው ነገር ሶራያሲስ የሚባል ሌላ የቆዳ ሕመም ሊሆን ይችላል። ፊትን፣ ቅንድብንና ደረትን ጭምር ይዞ በድንገት የበረታ የፎረፎር ዓይነት ደግሞ አንዳንዴ የሰውነት የመከላከል አቅም መዳከሙን ያመለክታልና ሐኪሙ የደም ምርመራ ቢያዝልዎ አይደንግጡ። የትኛውም ሻምፖ ፎረፎርን ነቅሎ አያጠፋም፤ ፈንገሱ የቆዳችን ነዋሪ ነውና። ሕመሙ ከረገበ በኋላ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ መታጠብን የሕክምናው ቀጣይ ክፍል አድርገው ይያዙት።

ነፍሰ ጡር ወይም አጥቢ የሆነች ሴት ያለ ሐኪም ምክር አትጠቀምበት፤ በተለይም ለቋቁቻ ሰፊ የሰውነት ክፍል ላይ መቀባቱ በእርግዝና ጊዜ አይመከርም። ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ደኅንነቱ አልተረጋገጠም። ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያውኑ ለብዙ ደቂቃ በንጹሕ ውኃ ይታጠብ። ጠርሙሱንም የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ከማስቀመጥ ይልቅ ልጅዎ በማይደርስበት ቦታ ቆልፈው ያኑሩት፤ 120 ሚሊሊትር የሚይዝ የ2.5 በመቶ ጠርሙስ ውስጥ 3 ግራም ሴሊኒየም ሰልፋይድ አለ። ልጅ ጠጥቶ ከተገኘ በግድ አታስመልሱት፤ አፉን አጉመጥምጣችሁ፣ ጠርሙሱን ይዛችሁ፣ በቅርብ ወዳለ ጤና ተቋም ፈጥናችሁ ውሰዱት።